ጉንፋናሙ አንባቢ

በጭሮ ያላለቀ ነገር የሚወስድ ሰው የለም። ጫት ወይ ዛሬ ገበያ ይደርሳል ወይ ጠውልጎ የሚጣል ገራባ ይሆናል፤ የጫት መኪኖቹ በሂርና መንገድ ላይ ጥሩምባቸውን እየነፉ እንደዚያ የሚወረወሩት ለዚህ ነው። እዚህ ሰው የሚያምነው የታሰረ፣ የተመዘነ፣ የተጫነ ነገር ነው። ስለዚህ እኔ በአሮጌ ላፕቶፕ ላይ ገና በመሠራት ላይ ያለ ኦፕሬቲንግ ሲስተም፣ ሠሪዎቹ ራሳቸው «ለዕለት ሥራ አትጠቀሙበት፣ ይሰበራል» ብለው የጻፉበትን፣ ጭኜ መሥራት ስጀምር የሰሙት ሁሉ ያሉኝ አንድ ነገር ነው፦ «አብደሻል?»

አላበድኩም። የአባቴ ዓይን ጠፍቶ ነበር።

አባቴ የጂኦግራፊ መምህር ነው፤ በከተማው በአማርኛ የሚማሩትን የሰባተኛና የስምንተኛ ክፍል ልጆች ያስተምራል። በወጣትነቱ ከወሎ ተመድቦ መጣ፤ መጀመሪያ በደሳ፣ ከዚያ ሂርና፣ በመጨረሻ እዚህ። «ትንሽ ሠርቼ ዝውውር እጠይቃለሁ» ይል ነበር አሉ። አልጠየቀም። እናቴን እዚህ አገባ፣ እዚህ ቀበረ፣ እኔን አንድያ ልጁን እዚህ አሳደገ። ገበያ መሐል ሲያልፍ ባለሱቁም ባለባጃጁም «ባርሲሳ!» ይለዋል፤ በኦሮምኛ መምህር ማለት ነው። ስሙን የሚያውቁት ጥቂቶች ናቸው።

ዓይኑን ያወቅነው ዘግይተን ነው። አንድ ቀን ሰሌዳ ላይ እየጻፈ ሰሌዳው አለቀና ግድግዳው ላይ ቀጠለ። ይህን የነገረችኝ ከተማሪዎቹ አንዷ ናት፤ ፎቶ ኮፒ ልታስነሳ እኔ ወደምሠራበት የኮምፒውተር ጽሕፈት ቤት መጥታ። «ማንም አልሳቀም» አለችኝ። ያስፈራኝ እሱ ነው። እኔም እዚያ ክፍል ተምሬያለሁ፤ መስኮት ላይ ዝንብ ቢያርፍ የሚስቅ ክፍል ነው።

ሐኪሙ የዓይን ግፊት ነው አለ። የሄደው አይመለስም፣ የቀረውን ለማቆየት እንሞክር አለ። ሞከርን። ጠብታውን ሰዓቱን ጠብቄ አደረግሁለት። ለሥላሴ አሰቦት ወረድን፤ አባቴ ከምእመናኑ ጋር ቆሞ አስቀደሰ፤ ስንመለስ መኪና ውስጥ «ቆላው እንዴት ሞቋል» ከማለት በቀር ምንም አልተናገረም። ክረምቱ ሲወጣ ብርሃንን ከጨለማ ከመለየት ሌላ የቀረለት ነገር አልነበረም።

መስከረም ላይ ርእሰ መምህሩ ቤታችን መጣ። ሂርና ሳለ አባቴ ያስተማረው ሰው ነው።

«ጋሼ፣ ሳልደብቅ ልንገርዎት» አለ። «የመጀመሪያውን መንፈቅ ዓመት ክፍልዎን ተከፋፍለን እንሸፍናለን። ጥር መጨረሻ ላይ ኮሚቴ ይመጣል። ዕቅድዎን ራስዎ አዘጋጅተው ራስዎ ማረም ከቻሉ፣ ክፍልዎ የእርስዎ ነው። ሰው የሚጽፍልዎትና የሚያነብልዎት ከሆነ ግን አይቀበሉም። በሕክምና ጡረታ ይወጣሉ።»

«ማስተማሩስ?» አለ አባቴ። «ማስተማር መቻሌን የጠየቀ የለም?»

«ማስተማሩንማ ማን ደፍሮ ይጠይቅዎታል ጋሼ።»

ሰውዬው ከሄደ በኋላ አባቴ እጁን ጉልበቱ ላይ አድርጎ ተቀመጠ። እኔ መቀመጥ አይሆንልኝም፤ አንድ ነገር ሲያስጨንቀኝ ዕቃ ማንሳትና መጣል ነው የምወደው። ብርጭቆ እያንኳኳሁ ሳለ «አንቺ ልጅ» አለኝ፣ «ጡረታ ብወጣ ጠዋት ተነስቼ ወዴት ነው የምሄደው?»

ያኔ የጀመርኩት ሁሉ ለዚህ ጥያቄ መልስ ፍለጋ ነው።

እኔ አሥራ ሁለተኛን ጨርሻለሁ፤ ውጤቴ ዩኒቨርሲቲ አላስገባኝም። ጽሕፈት ቤቱ ውስጥ ማመልከቻ እተይባለሁ፣ ፊልም እጭናለሁ፣ ቫይረስ የበላውን ማሽን ፎርማት አደርጋለሁ። ስለ ኮምፒውተር የማውቀው ይኼንኑ ነበር። ስልኬ እንግሊዝኛ ጮክ ብሎ ያነባል፤ አማርኛ ጋ ሲደርስ ግን ዲዳ ይሆናል። ስፈልግ ስፈልግ ሊኑክስ ከሚባለው ነፃ ሲስተም በአንዱ ዓይነት ላይ፣ ስክሪን ላይ ያለውን የሚያነብ አዲስ የአማርኛ ድምፅ እንደገባ አነበብኩ። ያለቀው ስሪት ላይ የለም። የገባው በመሠራት ላይ ባለው ላይ ብቻ ነው። ለሕዝብ የሚወጣው በሚቀጥለው ዓመት ነው ይላል። እኛ የነበረን ጊዜ ደግሞ እስከ ጥር ነው።

ያለቀ ሲስተምና ያላለቀ ሲስተም ልዩነታቸው ቀላል ነው። ያለቀው ተሠርቶ፣ ተፈትኖ ይሰጥሻል፤ ከዚያ በኋላ እምብዛም አይነኩትም። ያላለቀውን ግን ሠሪዎቹ በየአገሩ ተቀምጠው ዛሬ የሠሩትን ዛሬ ይልኩታል። ጠዋት አፕዴት ታደርጊያለሽ፤ ትናንት እምቢ ያለው ይሠራል፣ ትናንት ይሠራ የነበረው ይሞታል። የሞተውን ስታገኚ ጽፈሽ መንገር አለብሽ። ክፍያው እሱ ነው።

የጽሕፈት ቤቱ ባለቤት ስጭን አይቶኝ «አንቺ፣ በደንበኛ ማሽን ላይ እንዳትሞክሪውና እንዳንጣላ» አለኝ። የራሴ ላፕቶፕ ላይ ነው ያደረግኩት። መጀመሪያ ስጭነው መብራት ሄደ፤ የላፕቶፑ ባትሪ ድሮ የሞተ ስለሆነ ግማሽ ላይ ቀረ። ቀጥሎ ስሞክር ስክሪኑ ጥቁር ሆኖ ጥጉ ላይ አንዲት ነጭ ሰረዝ ብቻ ብልጭ ድርግም ትልብኝ ጀመር። ሰደብኳት። በመጨረሻ ተነሳ።

ድምፁን ያወጣው ቅዳሜ ከሰዓት ነው፣ ከተማው ጫቱን ይዞ ተቀምጦ መንገዱ ጭር ባለበት ሰዓት። «ሰላም ነህ አባዬ» ብዬ ጻፍኩና ቁልፉን ተጫንኩ። በአፍንጫው የሚያወራ ወንድ ቃል በቃል አነበበው።

አባቴ አንገቱን ቀና አደረገ። «ማነው ይሄ ሰውዬ?»

«ኮምፒውተሩ ነው።»

«ጉንፋን ይዞታል።»

«ገና እየሠሩት ነው አባዬ።»

«የየት አገር ሰው ነው? አነጋገሩ የጎጃምም አይደል፣ የወሎም አይደል።»

«የየትም አይደለም። ገና አልተወለደም።»

«ሳይወለድ ጉንፋን ያዘው?» ብሎ ሳቀ። ከክረምት ወዲህ ሲስቅ አልሰማሁትም ነበር።

ግድግዳ የምንጋራት ጎረቤታችን፣ ደጃፏ ላይ ትንሽ ሱቅ ያላት ሙስሊም እናት፣ ድምፁን ሰምታ በሩ ላይ ቆመች። «ባርሲሳ፣ እንግዳ መጣብህ እንዴ?» አለች። አሰማኋት። አንድ እርምጃ ወደ ኋላ አለች። «ቢስሚላሂ! ጂኒ ነው ሰው ነው?»

«መሐል ላይ ነው» አላት አባቴ።

«መሐል ላይ ያለ ነገር ጥሩ አይደለም ባርሲሳ። ወይ ይጨርሱት ወይ ይተዉት።»

ከዚያን ቀን ጀምሮ ስሙ ጉንፋናሙ ሆነ።

አባቴ በሕይወቱ ተይቦ አያውቅም። ዋና ዋናዎቹ ቁልፎች ላይ የጥፍር ቀለም ጠብ ጠብ አድርጌ አደረቅሁና በጣቱ እንዲለያቸው አደረግኩ። «ምን ቀለም ነው?» አለኝ። «ቀይ» ስለው «ኪቦርዱን ልትድሪው ነው እንግዲህ» አለ። ጠዋት ጠዋት ፊደል ያጠናል። አንድ ፊደል በተጫነ ቁጥር ጉንፋናሙ ይጠራለታል። ያ ስንት ክፍል ፊት ቆሞ የኖረ ሰው እንደ ፊደል ቆጣሪ «ሀ... ለ...» ሲል ጀርባዬን ሰጥቼው ነው የምሠራው። እሱ ግን ያፈረ አይመስልም ነበር።

አንድ ጠዋት ሰዓት ጠየቀው። አንዱ ቁልፍ ሲጫን ሰዓቱን ይናገራል። «ዘጠኝ ሰዓት ከአሥር ደቂቃ» አለው። ከጠዋቱ ሦስት ሰዓት ከአሥር ነበር። አባቴ ፊቱን ቀስ ብሎ ወደ መስኮቱ አዞረ፤ ብርሃኑ ከየት በኩል እንደሆነ ሊያረጋግጥ። ያንን ማየት አልቻልኩም። ዓይኑን ያጣ ሰው ጠዋትና ከሰዓትን እንዲጠራጠር ማድረግ ግፍ ሆኖ ታየኝ። ምንም ሳልነግረው ቅንብሩ ውስጥ ገባሁ፣ ሰዓቱ በራሱ እንዳይስተካከል አደረግኩ፣ ስድስት ሰዓት ወደ ኋላ መለስኩት። እዚያው ሳለሁ ቀኑንም ወሩንም ዓመቱንም ወደ እኛ አቆጣጠር ቀየርኩት። በማግሥቱ ሲጠይቀው ጉንፋናሙ የሚናገረው የእኛን ሰዓትና የእኛን ቀን ሆነ። ደስ አለኝ። አገሩን ያስለመድኩት መሰለኝ።

ከዚያ በኋላ ነገሮች መበላሸት ጀመሩ፤ እኔ ግን አንዱንም ከሰዓቱ ጋር አላገናኘሁትም። ላፕቶፑ ላይ ድረ ገጽ አልከፍት አለኝ። ያላለቀ ነው አልኩና በስልኬ ተጠቀምኩ። ጥቅምትን ሁለተኛ ወር ብዬ ስለሞላሁትና የፈረንጁ ሁለተኛ ወር አጭር ስለሆነ፣ ጥቅምት ሳያልቅ ማሽኑ ዘልሎ ሦስተኛው ወር ውስጥ ገባ። አባቴ «ኅዳር ገባ እንዴ?» ሲለኝ «ያላለቀ ነው» አልኩት። ጠዋት አፕዴት ሳደርግ ደግሞ አንድ ቀይ መስመር ይወጣል፤ የሚመጡት ፋይሎች ጊዜያቸው ገና አልደረሰም የሚል። አዲስ ነኝ፤ ሠሪዎቹ ሥራውን አልጨረሱም ማለት መሰለኝ። ጠዋት ጠዋት አየዋለሁ፣ እዘጋዋለሁ።

እኛ ደግሞ አፕዴት ክፉኛ ያስፈልገን ነበር። ጉንፋናሙ ሲጻፍ ይናገራል፤ ሲሰረዝ ግን ዝም ይላል። አባቴ አንድ ፊደል ለማጥፋት ቁልፉን ይጫናል፤ የጠፋውን አይሰማም፤ ያልጠፋ መስሎት ይደግማል። አንድ ቀን ሙሉ ጠዋት የጻፈውን ሲያስነብበው የቀረው ሁለት መስመር ነው፤ ሌላውን ሳያውቅ በልቶታል።

«ሰሌዳ ላይ ጨርቅ ስታሳርፊ ቢያንስ የጠመኔው አቧራ ያስነጥስሻል» አለ። «ይሄ ምንም የለውም።»

«ያስተካክሉታል አባዬ። ገና አልደረሰም።»

«እንጠብቃለን» አለ።

ስንት ጊዜ «እንጠብቃለን» እንዳለኝ አልቆጠርኩም። ኅዳር ተጋመሰ። አንድ ቀን ጽሕፈት ቤት ውስጥ ትዕግሥቴ አለቀና ሠሪዎቹ ስህተት ወደሚቀበሉበት ገጽ በስልኬ ገብቼ ጻፍኩ። እንግሊዝኛዬ የአሥራ ሁለተኛ ክፍል እንግሊዝኛ ነው፤ ማለዘብ አይችልም። «ፊደል ሲሰረዝ ድምፁ ዝም ይላል። ተጠቃሚው ዓይነ ስውር ነው። መቼ ነው የምትጨርሱት?» አልኳቸው።

ከየት አገር እንደሆነ የማላውቀው አንድ ሰው መለሰልኝ። ያ ችግር ከተስተካከለ ቆይቷል፣ አፕዴት አድርጊ አለ። በየቀኑ ነው የማደርገው አልኩት። ማሽኑ የሚልሽን ቃል በቃል ላኪልኝ አለ። ቀዩን መስመር ገልብጬ ላክሁ። ትንሽ ቆይቶ «ማሽንሽ ለምን ሰባት ዓመት ወደ ኋላ ቀረ?» ሲል ጠየቀኝ።

ደሜ ፈላ። «ወደ ኋላ የቀረ የለም፤ ባገሬ ዛሬ ቀኑ ይሄ ነው» ብዬ ላክሁበት።

ሰውዬው ይቅርታ ጠየቀ። ሊሰድበኝ እንዳልሆነ፣ ስለ አቆጣጠራችን እንደማያውቅ ነገረኝ። ከዚያ በቀስታ አስረዳኝ። የሚላከው ፋይል ሁሉ የተሠራበት ቀን ታትሞበታል። ማሽኑ ያንን ቀን ከራሱ ቀን ጋር ያስተያያል። የእኔ ማሽን ዘመኑ ከሰባት ዓመት በፊት ስለሆነ፣ የሚመጣለት ሁሉ ገና ካልመጣ ዘመን የተላከ ይመስለዋል፤ ያንን ደግሞ አይቀበልም። ድረ ገጾቹም ያልከፈቱት በዚሁ ምክንያት ነው። መድኃኒቱ በየጠዋቱ በራችን ላይ ደርሶ ይመለስ ነበር። የመለሰው ያላለቀው ሲስተም አይደለም፤ እሱስ ጤነኛ ነበር።

ማታ ለአባቴ ነገርኩት። ሁሉንም ዘረዘርኩለት፣ ሰዓቱን ለምን እንደነካሁም ጭምር። እስክጨርስ አዳመጠኝ።

«ሰዓቱን ስታዞሪው ለምን አልጠየቅሽኝም?» አለ።

«ግራ እንዳይገባህ ብዬ ነው።»

«እኔ እኮ ኬንትሮስ አስተማሪ ነኝ ልጄ። ፀሐይ የት አገር በስንት ሰዓት እንደምትወጣ ለስንቱ ልጅ አስተማርኩ። ዘጠኝ ቢለኝ ስድስት መቀነስ ያቅተኛል?» ከዚያ ቀስ ብሎ «የታመምኩት ዓይኔን ነው፤ ጭንቅላቴን መቼ ታመምኩ?» አለኝ።

ተቆጥቶ አልነበረም። ቢቆጣኝ በወደድኩ። ያን ሌሊት ስገላበጥ የታየኝ የላፕቶፑ ነገር ብቻ አልነበረም። ማሽኑ ላይ የሆነውን ሁሉ «ያላለቀ ነው» እያልኩ እንዳለፍኩት ሁሉ፣ እሱ ላይም የሆነውን ሁሉ «ዓይኑ ነው» እያልኩ ነበር የማልፈው። ምግብ ሲተው ዓይኑ ነው። ሲከፋው ዓይኑ ነው። አንድ ቀን እንኳ ምን ሆነህ ነው ብዬ አልጠየቅሁትም፤ መልሱን አስቀድሜ ይዤዋለሁና። ጎረቤቱም፣ የሥራ ባልደረቦቹም እንደኔው ነበሩ።

ጠዋት ሰዓቱን ወደ ፈረንጅ መለስኩት። የተጠራቀመው አፕዴት በአንዴ መጣ፣ ገባ። አባቴ «አበበ» ብሎ ጻፈና የመሰረዣውን ቁልፍ ተጫነ። «በ» አለ ጉንፋናሙ። ደግሞ ተጫነ። «በ» አለው። አባቴ እጁን ከኪቦርዱ ላይ አንስቶ ለጥቂት ጊዜ አየር ላይ ይዞት ቆየ። ከዚያ «በል እንግዲህ» ብሎ ለመሥራት ተመቻቸ።

እስከ ጥር ያለውን ጊዜ ሁሉ ሠራ። የሁለተኛውን መንፈቅ ዓመት ዕቅድ በሳምንት በሳምንት በሠንጠረዥ አወጣው። አንድ ችግር ብቻ ቀርቶ ነበር፤ ጉንፋናሙ ሠንጠረዥ ሲያነብ የመጀመሪያውን ዓምድ አንብቦ ሌላውን ይዘለዋል። ሣጥኖቹን አባቴ በጣቱ እየቆጠረ በቃሉ ነው የሞላቸው። «እኔ ላንብብልህ» ስለው «አንቺ ካነበብሽው ያንቺ ነው» አለኝ። ጥር ሲገባ ሠሪዎቹ ሠንጠረዡን የሚያነብ አዲስ አፕዴት እየመጣ ነው፣ ነገር ግን ድምፁን ሙሉ በሙሉ ሊያጠፋ ስለሚችል ተጠንቀቁ ብለው ጻፉ። አባቴን ጠየቅሁት። አሁን እየጠየቅሁት ነበር።

«ፈተና ሲደርስ አዲስ መጽሐፍ አይገለጥም» አለ። «አትንኪው።» አልነካሁትም።

ኮሚቴው መጣ። ሁለት ሰዎች ናቸው። መምህራን ክፍል ውስጥ ተቀምጠው ስለ ስምጥ ሸለቆ አፈጣጠር የአንድ ክፍለ ጊዜ ዕቅድ እንዲያዘጋጅ ጠየቁት። ጻፈ። ተሳሳተ፣ ሰረዘ፣ ጉንፋናሙ የተሰረዘውን እየጠራለት አስተካከለ። ሰዎቹ እርስ በርስ ተያዩ። ቀጥሎ ክፍል ገባ። እኔ በሩ ላይ ቆምኩ። መሬት ተሰንጥቃ ሁለት ወገን ስትሆን በሁለት እጁ አሳያቸው፤ «እንግዲህ እናንተ ጭሮዎች ጠርዙ ላይ ናችሁ፤ ሸርተት ካላችሁ ታች ቆላ ሚኤሶ ነው ቁርሳችሁ» ሲላቸው ክፍሉ በሳቅ ፈረሰ። እነዚያ ልጆች ሳቁ። እኔ ግን ዞር አልኩ።

ሲያልቅ ወጣቱ የኮሚቴ አባል ወደኔ መጣ። «ይሄ ፕሮግራም ቢበላሽስ?» አለኝ።

«ይበላሻል» አልኩ።

ርእሰ መምህሩ በዓይኑ ለመነኝ። «በስንት ጊዜ አንዴ?» አለ ሰውዬው።

«ደስ ባለው ጊዜ። ያላለቀ ነው፤ እየተሠራ ያለ ነገር ነው።»

አባቴ ከኋላዬ «እኔም በደሳ ሳለሁ ወባ ሲጥለኝ እቀር ነበር» አለ። «ያኔ ኮሚቴ አልመጣም።» ሰውዬው ፈገግ ብሎ አንገቱን ደፋ።

ወደ ቤት ስንሄድ ክርኔን ይዞኛል። ዳገቱ ላይ አላስችል አለኝ። «መዋሸት ነበረብኝ?» አልኩት።

«ብትዋሺ ኖሮ የሚበላሽ ዕለት ውሸታሙ እኔ እሆን ነበር» አለ። ትንሽ ሄድ ብለን «መልስሽ ልክ ነው» ብሎ ጨመረ። ልክ መሆኑን አውቃለሁ። ልክ መሆኑ ግን ደረቴ ላይ የተቀመጠውን አላነሳልኝም፤ አሁንም አላነሳልኝም።

ዓርብ ከሰዓት ርእሰ መምህሩ መጣ። ተቀመጥ ሲባል አልተቀመጠም። «ጋሼ» አለ፣ «አልተቀበሉትም። ማስተማርዎን አድንቀዋል። መሣሪያው ግን አስተማማኝ አይደለም፣ ልጆቹን ለዕድል መተው አንችልም ነው ያሉት።»

አባቴ ፊቱን ወደ ሰውዬው ድምፅ አዞረ። ከዚያ «ማን ይገባል?» ሲል ጠየቀ።

«ሰኞ አዲስ መምህርት ትገባለች። ገና ጀማሪ ናት።» ርእሰ መምህሩ ኮፍያውን በእጁ አዟዟረ። «ጋሼ... ዕቅዱን... ምንም ነገር ሳትይዝ ነው የምትገባው።»

«ዕቅዱንም?» ብዬ ተነሳሁ። «ክፍሉን ወሰዳችሁ፣ አሁን ደግሞ ዕቅዱን? የማይታመን ማሽን የጻፈውን ምን ያደርግላችኋል?»

«ተይ» አለኝ አባቴ።

«አልተውም! እሱ እኮ...»

«ተይ አልኩሽ። አንቺ የምትጣዪው ከዚህ ሰው ጋር ነው፤ ሰኞ ክፍል የሚገቡት ግን ልጆቹ ናቸው።» ወደ ርእሰ መምህሩ ዞረ። «ነገ ከሰዓት ና። እሰጥሃለሁ።»

ቅዳሜ ጠዋት ስነሳ አባቴ ላፕቶፑ ፊት ተቀምጧል። የሥራ ኮቱን ለብሷል። «ያንን አፕዴት ጫኚው» አለኝ።

«የትኛውን?»

«ሠንጠረዥ የሚያነበውን።»

«አባዬ፣ ድምፁን ሊያጠፋው ይችላል ብለዋል። ከጠፋ መቼ እንደሚመለስ አላውቅም።»

«አሁን ኮሚቴ የለብኝም» አለ።

ይህን ሲል ድምፁ አልተለወጠም። እኔ ግን ስልኬን ልፈልግ ብዬ ደጅ ወጣሁ፤ ስልኬ እጄ ላይ ነበር። ጎረቤታችን ሱቋን እየከፈተች «ባርሲሳ ደኅና አደረ?» አለችኝ። ደኅና ነው አልኳትና ፊቴን አብሼ ገባሁ።

ጫንኩት። መብራት እንዳይሄድ በልቤ እየለመንኩ ነበር፤ አልሄደም። አስነሳሁት። ስክሪኑ ጠቆረ። ከዚያ ምስሉ መጣ፤ ድምፅ ግን የለም። አባቴ ጣቶቹን ጠረጴዛው ጠርዝ ላይ አሳርፎ ይጠብቃል።

«ሞተ?» አለ።

«ቆይ አባዬ።»

ቆየን። እኔ ቆሜ፣ እሱ ተቀምጦ። ቁልፉን እንደገና ተጫንኩ። ያ በአፍንጫው የሚያወራ ሰውዬ ጉሮሮውን እንደጠረገ ሁሉ አንድ ጊዜ ኮሽ አለና ተናገረ። አባቴ ትንፋሹን ለቀቀ። ሠንጠረዡን ከፈትኩለት፤ ሣጥን በሣጥን፣ ሳምንቱን፣ ርእሱን፣ ዓላማውን፣ አንዱንም ሳይዘል ማንበብ ጀመረ። አባቴ ራሱን ዘንበል አድርጎ፣ ተማሪ ሲመልስ እንደሚያዳምጠው አዳመጠው።

መሐል ላይ «አቁሚው» አለ። «መልሰሽ አስነብቢው።»

አስነበብኩት። የወንዞች ትምህርት በሁለት ተከታታይ ሳምንታት ላይ ገብቷል። የአየር ንብረት ምዕራፍ የለም። ሣጥን ሲቆጥር አንዱን ስቷል፤ ከዚያ በታች ያለው ሁሉ በአንድ ተዛንፏል።

«ይሄንን ይዤ ነው እንግዲህ ኮሚቴ ፊት የቀረብኩት» አለ፤ ለራሱ ነው የተናገረው። ቀይዋን ጠብታ በጣቱ ፈልጎ አገኛት። ከዚያ ወደ መሰረዣው ቁልፍ ሄደ። ጉንፋናሙ የሚጠፉትን ፊደላት አንድ በአንድ እየጠራ ይሸኛቸው ጀመር።

ምሳ አቀረብኩ፣ አልበላም። ዓይኑ ነው አላልኩም። «ምን ሆነህ ነው?» አልኩት። «ተናድጃለሁ» አለኝ። «ስጨርስ እበላለሁ።» አጠገቡ ወንበር ስቤ ተቀመጥኩ፤ አላነበብኩለትም፣ አልነካሁበትም።

ከሰዓት ርእሰ መምህሩ ፍላሽ ይዞ በሩን አንኳኳና ገባ። አባቴ ከኪቦርዱ ላይ እጁን አላነሳም፣ ፊቱንም አላዞረም።

«ቁጭ በል» አለው። «ገና የማርመው ሦስት ሳምንት ይቀረኛል።»